ዶቃ ለታመመ ሕፃን ምን ይፈይዳል?

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን አንድ ብስኩት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። በትንሣኤ በዓል ማግስት እንደ ልማዳችን ብርቱካን፥ ብስኩትና ጥቂት የሕፃናት ልብስ ይዘን ሕሙማንን ለመጠየቅ ወጣን። ከገባንባቸው ክፍሎች አንዱ ካንሰር ያለባቸው ሕፃናት የተኙበት ነበር። በዚያ አንድ የሰባት ዓመት ያህል ልጅ ከአባቱ አጠገብ ተቀምጦ፥ ነርሷ በእጁ ጀርባ ላይ የደም ሥር ትፈልግለታለች። አንድ ጊዜ ወጋችው፤ አልተገኘም። ደግማ ወጋችው፤ አሁንም አልተገኘም። የልጁ ከንፈር መንቀጥቀጥ ሲጀምር ከእኛ አንዱ ፈጠን ብሎ፥ «አይዞህ፥ ጎበዝ ልጅ አያለቅስም! ካላለቀስህ ይህን ብስኩት እሰጥሃለሁ» አለው። ልጁም አላለቀሰም። በሦስተኛው መርፌ የደም ሥሩ ተገኘ። ብስኩቱ ተሰጠው፤ እኛም አጨበጨብን። ልጁ ግን ብስኩቱን ሳይከፍተው ከትራሱ ሥር አስገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከዚያ ስንወጣ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ይህን የምንናገረው ሳናፍር አይደለም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፥ ቀድሞ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባል የነበረችና አሁን በአሜሪካ አገር በአንድ የሕፃናት ሆስፒታል በነርስነት የምትሠራ እኅታችን ለዕረፍት መጥታ በእሑድ ጉባኤያችን ተገኘች። ስለ ሥራዋ እንድትነግረን ለመንናት። ስለ ታላላቅ ሐኪሞችና ስለ አዳዲስ መሣሪያዎች ትተርክልናለች ብለን ስንጠብቅ፥ እርሷ የነገረችን ስለ ዶቃ ነው።

በዚያ አገር «ቢድስ ኦፍ ከሬጅ» የሚባል የበጎ አድራጎት ድርጅት አለ፤ በእኛ አነጋገር «የብርታት ዶቃ» ብንለው ያስኬዳል። ሐሳቡን ያፈለቀችው ጂን ባሩክ የምትባል የሕፃናት ነርስ ስትሆን፥ ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. በአሪዞና፥ ፊኒክስ ከተማ ውስጥ ባለ የሕፃናት ሆስፒታል ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ከባድ ሕመም ያለበት ሕፃን በመጀመሪያ አንድ ክርና ስሙ የሚጻፍባቸው የፊደል ዶቃዎች ይሰጡታል። ከዚያ በኋላ በሕክምናው ለሚደርስበት ለእያንዳንዱ ነገር አንድ ዶቃ ይጨመርለታል። መርፌ በተወጋ ቁጥር ጥቁር፥ ኬሞቴራፒ በወሰደ ቁጥር ነጭ፥ ደም በተሰጠው ቁጥር ቀይ፥ በሆስፒታል ላደረበት ለእያንዳንዱ ሌሊት ቢጫ፥ ጠጉሩ ሲረግፍ ቡናማ፥ የጨረር ሕክምና ሲደረግለት ደግሞ በጨለማ የሚያበራ ዶቃ ያገኛል። እነዚህ ተራ ዶቃዎች ናቸው። ለከባዱ ቀን ግን፥ ለቀዶ ሕክምና ወይም ሕክምናው ለሚያበቃበት ዕለት፥ ሰው በእጁ የሠራው የብርጭቆ ዶቃ ይሰጠዋል፤ ያን ዶቃ የሚመስል ሌላ አይገኝም። ሕክምናው ዓመታት ለሚፈጅበት ልጅ ክሩ ብዙ መቶ ዶቃ ይይዛል። ልጁ ያረፈ እንደ ሆነ ለቤተ ሰቡ የቢራቢሮ ዶቃ ይሰጣል።

እኅታችን ይህን ተናግራ እንደ ጨረሰች፥ ያ ብስኩት የሰጠው ወንድማችን እጁን አነሣና፥ «ለመሆኑ ያለቀሰ ልጅስ ዶቃ ይሰጠዋል?» ብሎ ጠየቃት።

«ጮኾ አልጋውን ቢገለብጠውም ይሰጠዋል» አለችው። «ዶቃው የተወጋበት ነው እንጂ ዝም ያለበት አይደለም።»

ወንድማችን ተቀመጠ፤ እስከ ጉባኤው ፍጻሜም ሌላ ነገር አልተናገረም።

እነዚያ በእጅ የሚሠሩት ዶቃዎች ከየት እንደሚመጡም ጠይቀን ነበር። ሠሪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ በቤታቸው ጓዳ ወይም ጋራዥ ውስጥ ትንሽ የእሳት መብራት ተክለው የሚሠሩ ሰዎች ናቸው፤ ብዙዎቹም የዓለም አቀፍ የብርጭቆ ዶቃ ሠሪዎች ማኅበር አባላት ናቸው። እንደ እርሳስ የቀጠነውን ባለ ቀለም የብርጭቆ ዘንግ በነበልባሉ ውስጥ አስገብተው እንደ ማር እስኪዝለገለግ ያቀልጡታል፤ ከዚያም ጭቃ መሳይ ነገር በተቀባ ቀጭን የብረት ዘንግ ላይ እያሽከረከሩ ይጠመጥሙታል። መሽከርከሩ ለአፍታ ከቆመ ብርጭቆው ወደ አንድ ወገን ይንጠባጠባል። ጭቃው የተቀባው ዶቃው ሲበርድ ከብረቱ እንዲላቀቅ ነው፤ የክሩ ቀዳዳም በዚሁ ይገኛል። ሥራው ግን በዚህ አያበቃም። ዶቃው ወዲያው በነፋስ ከበረደ ውጭው ቀድሞ ይጠነክርና ውስጡ ገና ትኩስ ሆኖ ይቀራል፤ እርስ በርስም ይሳሳባል። እንዲህ ያለው ዶቃ ለዐይን ደኅና ይመስላል፤ ነገር ግን ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ማንም ሳይነካው ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በጋለ ምድጃ ውስጥ ከቆየ በኋላ ለብዙ ሰዓታት ቀስ በቀስ እንዲበርድ ይደረጋል። ድርጅቱም በዚህ መንገድ ያልበረደ ዶቃ አይቀበልም፤ በሕፃን እጅ ላይ የሚሰበር ብርጭቆ መስጠት አይገባምና።

ይህን ስንሰማ ሌላ ነገር ትዝ አለን። የብርጭቆ ዶቃ በታሪክ ሁልጊዜ የርኅራኄ ዕቃ አልነበረም። የቬኒስ የብርጭቆ ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1291 ዓ.ም. ምድጃቸውን ወደ ሙራኖ ደሴት እንዲያዛውሩ ታዘዙ፤ ከዚያች ከተማና ከደሴቶቿ የወጡ ዶቃዎች በኋለኞቹ ዘመናት በአፍሪካ ዳርቻዎች በወርቅ፥ በዝሆን ጥርስ፥ በሰውም ጭምር ተለውጠዋል። ለባርያ ፈንጋይ የሰው ዋጋ ሆኖ የተቆጠረው ዕቃና ዛሬ ለሕፃኑ የሚሰጠው ዕቃ የሚሠሩት ከአንድ ዓይነት ነገር፥ በአንድ ዓይነት እሳት ነው። ዶቃው ራሱ ከዚህም ከዚያም የለበትም።

እንግዲህ በዚያ እሑድ ጉባኤው ለሁለት ተከፈለ። አንድ ወንድማችን፥ እርሱም በፋርማሲ ትምህርት ላይ ያለ ነው፥ በቁጣ ተነሥቶ፥ «ዶቃ ካንሰርን አይፈውስም። መድኃኒት ለሚያስፈልገው ልጅ ዶቃ መስጠት ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት እንደ ተባለው ነው» አለ። ቁጣው ያለ ምክንያት አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው በየዓመቱ ወደ 400,000 የሚሆኑ ሕፃናትና ወጣቶች በካንሰር ይያዛሉ። በበለጸጉት አገሮች ከእነዚህ ከ80 በመቶ በላይ ይድናሉ፤ ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆነ በብዙ አገሮች ግን የሚድኑት ከ30 በመቶ ያነሱ ናቸው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. የጀመረው ዘመቻ በ2030 ዓ.ም. ቢያንስ 60 በመቶው እንዲድኑ ለማድረግ ያለመ ነው። ልዩነቱ ያለው በሕፃናቱ ላይ አይደለም። በሽታው በጊዜ መታወቁ፥ መድኃኒቱ መገኘቱ፥ ቤተ ሰቡም ሕክምናውን እስከ መጨረሻው ለማስቀጠል መቻሉ ነው። ወንድማችን እንደ ምሳሌ የጠቀሰው ቪንክሪስቲን የተባለውን መድኃኒት ነበር፤ ይህ የሕፃናትን የደም ካንሰር ለማከም ዋነኛ ከሆኑት አንዱ ሲሆን ከማዳጋስካር አበባ የተገኘና በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1963 ዓ.ም. ጀምሮ የተፈቀደ ነው። ስድሳ ዓመት ያለፈው መድኃኒት ያላገኘ ልጅ እያለ ስለ ዶቃ መነጋገራችን አሳፋሪ አይደለምን? አለን።

እኛም ነገሩን በተረጋጋ መንፈስ ስንመረምረው በአንድ በኩል እውነቱን ነው እንላለን። አንድ ብር በእጃችን ቢኖርና ከመድኃኒትና ከዶቃ አንዱን ምረጡ ብንባል፥ መድኃኒቱን የማይመርጥ ሰው ልጅ አያውቅም ማለት ነው። ማጽናናት መልካም ስም ያለው ስንፍና ሊሆንም ይችላል። ብርቱካን ይዞ በበዓል መሄድ ዓመቱን ሙሉ የደም ባንክን በር ሳይረግጡ ለመኖር ሰበብ ሆኖን ከሆነ፥ ወቀሳው በእኛ ላይ ይጸናል። በዚህ ክርክር ማግስት ከመካከላችን ስድስት ሰዎች ደም ሰጥተዋል፤ ይህም የወንድማችን ቁጣ ፍሬ ነው።

በሌላ በኩል ግን ያ ምርጫ ብዙ ጊዜ የሚቀርብልን በዚህ መልክ አይደለም። በጋራዧ ውስጥ ብርጭቆ የምታቀልጠው ሴት መድኃኒት ማምረት አትችልም፤ እጇ የሚያውቀውን ትሰጣለች። ደግሞም መድኃኒቱ ሞልቶ በተረፈበት በዚያ አገር እንኳ ሕፃኑ ይወጋል፥ ያስመልሰዋል፥ ሌሊት ብቻውን ይነቃል። መድኃኒቱ በሽታውን ያክማል እንጂ መታከሙ ራሱ ያመጣውን ሥቃይ አያክምም። ይህን ሁለተኛውን ሥቃይ ማን ይየው? ጥያቄው ይህ ይመስለናል።

ሌላ ተቃውሞ ደግሞ ከአንዲት እኅታችን ተነሣ። «ዶቃ በልጅ አንገት ላይ ሲታሰር እኔን ትዝ የሚለኝ ጨሌ ነው» አለች። አያቷ በገጠር ለዛር የሚታሰር ጨሌ እንደ ነበራቸው፥ በኋላም ንስሐ ሲገቡ ወንዝ እንደ ጣሉት ነገረችን። ብዙዎቻችን በዚህ ተሣቅን፤ ነገር ግን ጥያቄው የሚያስቅ አልነበረም። ጨሌውም ክታቡም ከዚህ ዶቃ ጋር በዐይን ሲታዩ ይመሳሰላሉና። ሆኖም ስንነጋገር ልዩነቱ ተገለጠልን። ክታብ የሚታሰረው ገና የሚመጣውን ክፉ ነገር እንዲከለክል ነው፤ ለተስፋ የሚከፈል መያዣ ነው። የብርታት ዶቃ ግን የሚከለክለው አንዳች ነገር የለም። የሚሰካው መርፌው ከተወጋ በኋላ ነው። ስለ ነገ አንድ ቃል አይናገርም፤ ትድናለህ አይልም፥ አትድንም አይልም። ያለፈውን ብቻ ይቆጥራል። በዚህስ ከጨሌ ይልቅ የአባቶችን መቁጠሪያ ይመስላል። በእንግሊዝኛም ዶቃ የሚባልበት ቃል በጥንት ጊዜ ትርጉሙ ጸሎት እንደ ነበረ የቋንቋ ሊቃውንት ይናገራሉ፤ ሰዎች ጸሎታቸውን በዶቃ ይቆጥሩ ስለ ነበር ስሙ ከጸሎቱ ወደ ዶቃው ተሻገረ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንመጣለን፤ ይኸውም «ብርታት» የሚለው ስም ነው። እኛ ብርቱ ወይም ጀግና የምንለው መሸሽ ሲቻለው የቆመውን ሰው ነው። ሕፃኑ ግን መሸሽ አይቻለውም። አባቱ ጉልበቱን ነርሷ ክንዱን ይዘው ነው የሚወጋው። ታዲያ ያልመረጠውን ነገር ስለ ደረሰበት ብቻ ብርቱ ነህ ማለት ሽንገላ አይደለምን? በዚህ ላይ ብዙ ተከራከርን። አንዳንዶቻችን፥ መርፌ ምን እንደ ሆነ ያወቀ ልጅ በማግስቱ ወደዚያው ክፍል በእግሩ ሲገባ ያ ብርታት ነው አልን። ለሚገባው ልጅ ይህ እውነት ነው። ተሸክመው የሚያስገቡት ልጅስ? እርሱም ጥቁሩን ዶቃ ያገኛል። ስለዚህ ስሙ ምንም ይሁን ምን፥ ዶቃው የሚሠራው ሥራ የሽልማት አይመስለንም። ሽልማት ያሸነፈውን ካላሸነፈው ይለያል። ይህ ግን አይለይም። ይልቁን የምስክርን ሥራ ይሠራል። ምስክር በችሎት ፊት ቆሞ «ደኅና አድርገሃል» አይልም፤ «ይህ ነገር ሆኗል፥ አይቻለሁ» ይላል።

የኢዮብ ሦስቱ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ዝም ብለው እንደ ተቀመጡ እናነባለን። እስከዚያ ድረስ መልካም አጽናኞች ነበሩ። የተበላሹት ምክንያቱን ማስረዳት ሲጀምሩ ነው።

ስለ ራሳችን ቋንቋም አሰብን። አማርኛችን ለታመመ ልጅ የሚነገር ብዙ ቃል አለው፤ አይዞህ፥ ቻለው፥ ያልፋል፥ አታልቅስ፥ ወንድ አይደለህ እንዴ። እነዚህ ሁሉ በፍቅር የሚነገሩ ናቸው፤ ነገር ግን አብዛኞቹ የልጁን አፍ የሚዘጉ ናቸው። የሚገርመው እኛ ልቅሶን የምንንቅ ሕዝብ አለመሆናችን ነው። ለቅሶ መድረስ ግዴታችን ነው፤ ድንኳን ተክለን፥ ሥራ ትተን፥ ካዘነው ሰው ጋር እንቀመጣለን። ዕንባውን አፍኖ ለያዘ አዋቂ ሰውም «አልቅስ፥ ይውጣልህ» እንለዋለን። ይህን ጥበብ ለአዋቂው ሐዘንተኛ አውቀን ስናበቃ፥ በመርፌ ለሚሠቃየው የሰባት ዓመት ልጅ ለምን ነፈግነው? እኛ እንደምንጠረጥረው፥ አታልቅስ የምንለው ለእርሱ ብለን ሳይሆን ለቅሶውን መስማት ለእኛ ስለሚከብደን ነው። ብስኩቱን የከፈልነው የራሳችንን ዕረፍት ለመግዛት ነበር። ይህን ለመጻፍ ብስኩቱን የሰጠው ወንድማችን ራሱ ፈቅዶልናል፤ እንዲያውም ይጻፍ ያለው እርሱ ነው።

ስለ ሰጪዎቹም አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። ዶቃ ሠሪዋ ዶቃዋ ለማን እንደ ደረሰ አታውቅም፤ ልጁ ይዳን አይዳን አይነገራትም። ምስጋናም ላይመጣላት ይችላል። በዚሁ ድርጅት ሁለት መንታ ዶቃዎችን በኪሱ ወይም በቦርሳው ይዞ የሚዞር ሰውም አለ፤ ለጥቂት ጊዜ ከያዛቸው በኋላ አንዱን ለራሱ አስቀርቶ ሌላውን ከአንድ አጭር ደብዳቤ ጋር ለማያውቀው ሕፃን ይልካል። ከመካከላችን ይህን የወደዱ አሉ፤ ያልወደዱም አሉ። ያልወደዱት፥ የማያዩትን ልጅ መውደድ ቀላል ነው፤ አይሸትም፥ አያስመልሰውም ይላሉ። ይህ ትክክለኛ ትችት ነው። ነገር ግን እኛ ልጁን በዐይናችን አይተነው፥ በክንድ ርቀት ቆመን፥ ያደረግነውን ማድረጋችንን ስናስታውስ በሩቅ ሰጪ ላይ ለመፍረድ አፋችን አይደፍርም።

በክረምቱ መግቢያ እንደ ገና ወደዚያው ክፍል ሄድን። በዚህ ጊዜ የተስማማንበት ነገር ጥቂት ነበር፤ አናጨበጭብም፥ «አታልቅስ» አንልም፥ የያዝነውን ለሁሉም እኩል እንሰጣለን። ያን ልጅ ለማግኘት ቸኩለን ነበር። በአልጋው ላይ ግን ሌላ ሕፃን ተኝቷል። ስንጠይቅ ከአባቱ ጋር ወደ አገሩ እንደ ሄደ ተነገረን። ሕክምናውን ጨርሶ ይሁን ወይም የአባቱ ስንቅ አልቆ፥ ሊነግረን የቻለ ሰው አልነበረም። ወንድማችን በአልጋው ግርጌ ብዙ ጊዜ ቆመ።

በመስኮቱ በኩል ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት ልጅ ተቀምጣ ነበር፤ እናቷ ልብስ ለማጠብ ወርደዋል። ከጎኗ ተቀመጥን። ምን እንደምንላት ስላላወቅን ጥቂት ዝም አልን። በኋላ አንዲት እኅታችን፥ «የኔ ቆንጆ፥ እዚህ ከመጣሽ ጀምሮ ምን ምን አደረጉሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቱ መጀመሪያ ተጠራጥራ አየችን። ከዚያ ጣቶቿን ዘረጋችና ትቆጥር ጀመር። መርፌ፥ ግሉኮስ፥ ደም፥ እንደ ገና መርፌ፥ ከጀርባዬ የቀዱኝ ቀን፥ ጠጉሬ የረገፈ ቀን፥ ሌሊት ያስመለሰኝ። ስለ ጀርባዋ ስትነግረን አለቀሰች፤ ማንም አላስቆማትም፤ ዕንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ካቆመችበት ቀጠለች። የሁለቱ እጆቿ ጣቶች ሲያልቁባት ቀና ብላ አየችን፤ የወንድማችንንም እጅ ሳበችና ከአውራ ጣቱ ጀመረች።